አከፋፋይ ያጡ ፊልሞች ተመልካች እንዴት አገኙ?

ነጋዴ ዕቃ ከማንሣቱ በፊት «ይህን ማን ይገዛኛል?» ብሎ ራሱን መጠየቁ ያለ ነው። የፊልም አከፋፋይም ነጋዴ ነውና ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ኢትዮጵያዊው ፊልም ሠሪ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ይዘው የቀረቡትን «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልም በተመለከተ የደረሱበት መደምደሚያ ገዢ የለውም የሚል ነበር።

ፊልሙ ስም ያልነበረው ሆኖ አይደለም። በዚያው ዓመት በበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ታይቷል። በቡርኪና ፋሶ ርዕሰ ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው በፌስፓኮም በካሜራ ሥራው ተሸልሟል። ነገር ግን ሽልማት ሌላ፣ ሲኒማ ቤት ሌላ ሆነና ፊልሙ በውጭ አገር ተጨብጭቦለት ሲመለስ ሠሪው በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ እንኳ የሚያሳየው ጠፋ።

ፕሮፌሰሩ በዚህ ጊዜ የወሰዱት እርምጃ በገበያ ዓምድ ላይ ቢጻፍ የሚያንሰው አይደለም። አከፋፋይ ደጅ መጥናቱን ትተው ሲኒማ ቤት ተከራዩ። የማስታወቂያውን ሥራ የሙያም የትዳርም ባልደረባቸው ከሆኑት ከፊልም ሠሪዋ ሽሪኪያና አይና እና በከተማው ካሉ ወዳጆቻቸው ጋር ተከፋፍለው ያዙት። ሰው ተሰለፈ። ፊልሙ በዋሽንግተን ከሁለት ወር በላይ ሲታይ ቆየ፤ ከዚያም በተመሳሳይ መንገድ ከሠላሳ በላይ ወደሚሆኑ የአሜሪካ ከተሞች ተጓዘ። ለመሥራት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ የሚነገርለት ይህ ፊልም ከትኬት ሽያጭ ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንዳስገኘ ይገመታል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። አከፋፋዮቹ ሊያዩት ያልቻሉትን ገዢ ፕሮፌሰሩ ከየት አመጡት? ሕዝቡስ የታወቀ የፊልም ኮከብ በሌለበት፣ ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ በማያስተዋውቀው ፊልም ውስጥ ምን አግኝቶ ነው ወረፋ የቆመው?

ነጻ ፊልም ሲባል

ኢንዲፔንደንት ወይም ነጻ ፊልም የሚባለው ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ገንዘብና ትእዛዝ ውጪ የተሠራ ፊልም ነው። ገንዘቡ ከሠሪው ኪስ፣ ከዘመድ ከወዳጅ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ከዕርዳታ ሰጪ ሊመጣ ይችላል። የሙከራ ፊልም ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ታሪክን ከመነሻው እስከ መድረሻው በተለመደው ቅደም ተከተል መተረኩን ይተውና በምስልና በድምፅ ብቻ ስሜት ለመቀስቀስ ይሞክራል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢገኙም አንድ አይደሉም። ከስቱዲዮ ውጪ ተሠርቶ ቁርጥ ሆሊውድን መስሎ የሚወጣ ፊልም ሞልቷል።

«ሳንኮፋ» ከሁለቱም ወገን ያለ ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ጠረፍ፣ ባሪያዎች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረው የኬፕ ኮስት ግንብ ፎቶግራፍ ስትነሣ ይጀምራል። ወደ ግንቡ ምድር ቤት ስትወርድ በሰንሰለት የታሰሩ ያለፈው ዘመን ሰዎች ይከቧታል። ከዚያ በኋላ የምናያት ሞናን ሳይሆን በአሜሪካ ደቡብ በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ የምትሠራውን ሾላ የምትባል ባሪያ ነው። ፊልሙ ጊዜን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያጠፈ፣ በከበሮ ድምፅ እየተመራ ይሄዳል። ርዕሱም ከጋና የአካን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ እንደማለት ነው።

ስለ ባርነት የሚናገሩ ፊልሞች ከዚያ በፊትም ነበሩ። በአብዛኞቹ ግን ባሪያው የሚታየው በጌታው ወይም በአንድ ደግ ነጭ ሰው ዓይን ነበር። «ሳንኮፋ» ካሜራውን ወደ ጎጆዎቹ፣ ወደ ሸንኮራው ማሳ፣ በድብቅ ወደሚያሴሩት ሰዎች አዞረው። ከነዋሪዋ ከግማሽ የሚበልጠው ጥቁር በነበረባት ዋሽንግተን ይህን የመሰለ ነገር በየትኛውም ሲኒማ ቤት የሚሸጥ አልነበረም። አከፋፋዮቹ ፊልሙን ከሌሎች ፊልሞች ጋር አነጻጽረው ገመቱት፤ ተመልካቹ ግን የሚያነጻጽርበት ሌላ ፊልም አልነበረውም። ሌላ ሱቅ የማይገኝ ዕቃ ደግሞ ደንበኛው ካወቀው ርቀት አይበግረውም።

ካወቀው ነው ያልነው። ማሳወቁ ነበር ሥራው። ፊልሙ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በየአካባቢው ለሚሰሙ ሰዎች፣ ለመምህራን፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ለመጽሐፍ ሻጮች፣ ለሬዲዮ ሰዎች ይታያል። እነሱ በተራቸው ሰው ይዘው ይመጣሉ። ወደ ሌላ ከተማ ሲኬድም አስቀድሞ በዚያ ከተማ የሚያስተናግድ የነዋሪዎች ቡድን ይቋቋማል። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት በርቶ ሁሉም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ውይይት አለ፤ ሠሪውም ብዙ ጊዜ እዚያው ቆመው ይጠየቃሉ። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እናቱን ወይም ልጁን ይዞ ይመለሳል። ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ በጋዜጣ ገጽ ኪራይ አይገኝም።

የአዳራሽ ኪራይ ሒሳብ

የገበያ ዓምድ አንባቢ ሒሳቡን ማወቅ ይፈልጋልና ጥቂት እናስላ።

በተለመደው አሠራር አከፋፋዩ ፊልሙን ከሠሪው ይረከባል፤ ቅጂ ያሳትማል፤ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ከሲኒማ ቤቶች ጋር ይዋዋላል። ከትኬት ከሚገኘው ሲኒማ ቤቱ ግማሽ ገደማውን ያስቀራል። ከቀረው ላይ አከፋፋዩ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻውን፣ ቀጥሎም ለቅጂና ለማስታወቂያ ያወጣውን ያነሣል። የተረፈ ካለ ለሠሪው ይደርሳል። ይህች «የተረፈ ካለ» የምትል ሐረግ ስንቱን ፊልም ሠሪ ዕዳ ውስጥ እንደከተተች የሚያውቅ ያውቀዋል።

አዳራሽ መከራየት ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖች «ፎር ዎሊንግ» ይሉታል፤ አራቱን ግድግዳ መከራየት እንደማለት ነው። ሠሪው ለሲኒማ ቤቱ ባለቤት የሳምንት ኪራዩን ቁርጥ አድርጎ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ በበሩ የሚገባው ገንዘብ በሙሉ የእሱ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ።

300 ወንበር ያለው አዳራሽ በሳምንት በ10,000 ዶላር ተከራየ እንበል። (ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የ«ሳንኮፋ» አይደሉም።) ትኬቱ 7 ዶላር፣ በቀን የሚታየው ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት 21 ጊዜ ነው። አዳራሹ በአማካይ በግማሽ ቢሞላ ገቢው 22,050 ዶላር ይሆናል። ኪራዩ ሲነሣ 12,050 ዶላር ለሠሪው ይቀራል። ያው ገቢ በተለመደው መንገድ ቢመጣ ኖሮ ሲኒማ ቤቱ ግማሹን፣ አከፋፋዩም ከቀረው 30 በመቶውን ከወሰዱ በኋላ የሚቀረው 7,717 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ የቅጂና የማስታወቂያ ወጪ ገና አልተነሣም።

ጥሩ ይመስላል። አሁን ደግሞ አዳራሹ በአምስተኛው ብቻ ሞላ እንበል። በየትዕይንቱ 60 ሰው፣ በሳምንት 8,820 ዶላር ማለት ነው። ሠሪው ማስታወቂያውን ሳይቆጥር 1,180 ዶላር ከኪሱ ይጨምራል። በሁለተኛው ሳምንትም ይኸው ከሆነ አብዛኛው ፊልሙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ነው ይህን መንገድ የሚሞክሩት ጥቂቶች የሆኑት። አከፋፋዮቹን በዚህ ረገድ ፈሪ ብሎ መስደብ አይገባም፤ በራሳቸው ገንዘብ የሚጫወቱ ናቸው። የተሳሳቱት በሒሳቡ ሳይሆን የተመልካቹን ቁጥር በመገመቱ ላይ ነው።

ከፕሮፌሰሩ በፊት የነበሩ

አዳራሽ መከራየት የፕሮፌሰር ኃይሌ ፈጠራ አይደለም። በ1970ዎቹ የተፈጥሮና የጀብዱ ፊልም የሚሠሩ የአሜሪካ አነስተኛ ኩባንያዎች በሰፊው ተጠቅመውበታል። ለሙከራ ፊልም ግን በር የከፈተችው ማያ ዴረን ናት።

በኪየቭ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የመጣችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1943 ከባለቤቷ ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር በሎስ አንጀለስ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ «ሜሽስ ኦቭ ዘ አፍተርኑን» የተባለ ፊልም ሠራች። ርዝመቱ 14 ደቂቃ፣ ወጪው ከ300 ዶላር በታች ነበር። ንግግር የለውም። አንዲት ሴት ቤቷ ገብታ ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ቁልፍ፣ ቢላዋ፣ አበባ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ጥቁር የለበሰ ሰው እየተደጋገሙ ይታያሉ፤ ሕልሙ የቱ ጋ እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ፊልም ይዞ አከፋፋይ ዘንድ መሄድ ራስን ማስገመት ነው። ዴረን አልሄደችም። እ.ኤ.አ. በ1946 በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚገኘውን ፕሮቪንስታውን ፕሌይሃውስ የተባለ ትንሽ ቲያትር ቤት ተከራየችና ፊልሞቿን አሳየች። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ተመለሰ።

ከተመልካቾቹ መካከል ከናዚዎች ሸሽቶ ከቪየና የመጣ አሞስ ቮገል የተባለ ወጣት ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት በ1947 ከሚስቱ ከማርሻ ጋር ሲኒማ 16 የተባለ የፊልም ክበብ አቋቋመ፤ ያንኑ ቲያትር ቤት ተከራይቶ ነበር የጀመረው። የቮገል ዘዴ ለነጋዴ ትምህርት አለው። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ለሕዝብ የሚታይ ፊልም ሁሉ የሳንሱር ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ክበብ ከሆነ ግን አባላት ብቻ የሚገቡበት የግል ስብሰባ ስለሚሆን ፈቃዱ አያስፈልግም። ስለዚህ ቮገል ትኬት በየቀኑ መሸጡን ትቶ የዓመት አባልነት መሸጥ ጀመረ። የሳንሱሩን ጣጣ ለማምለጥ የተፈጠረው መላ የገንዘቡንም ጣጣ አቃለለለት፤ የዓመቱ ገንዘብ በቅድሚያ ይገባ ነበርና። ክበቡ በደመቀበት ጊዜ አባላቱ ወደ 7,000 ደርሰው ነበር።

ሌላም ብልሃት ነበረው። በአንድ ምሽት የሙከራ ፊልም ብቻ አያሳይም። የሳይንስ ፊልም፣ ዘጋቢ ፊልም፣ የካርቱን ሥዕል ያቀላቅልበታል። እውነቱን ለመናገር የሙከራ ፊልም ሁሉ የሚጥም አይደለም፤ ተመልካቹን በወንበሩ ላይ የሚያሠቃይም ብዙ አለ። ቮገል ይህን ያውቅ ነበር። አንዱ ባይጥምህ ቀጣዩ ይጥምሃል ብሎ ነው የሸጠው። ያም ሆኖ ወጪው ከገቢው እየበለጠ ሄዶ ሲኒማ 16 በ1963 ተዘግቷል። አሥራ ስድስት ዓመት ለእንዲህ ያለ ንግድ ትንሽ ዕድሜ አይደለም።

ቀስ ብሎ የሚሸጥ ዕቃ

ወደ ፕሮፌሰር ኃይሌ እንመለስ። በ1946 በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰሩ የአርበኛውና የደራሲው የገሪማ ታፈረ ልጅ ናቸው። አባታቸው ቲያትር እየደረሱ ከቦታ ቦታ ተጉዘው ያሳዩ የነበሩ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ልጃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ፊልም ተሸክመው ከከተማ ከተማ መዞራቸው አይደንቀውም።

በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ በቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። በዚያ ትምህርት ቤት በነበሩ ጥቁር ተማሪዎች መካከል አንዱ ለሌላው ካሜራ መያዝ፣ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ በነጻ መሥራት የተለመደ ነበር። የፕሮፌሰር ኃይሌን «ቡሽ ማማ» ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። በርኔት ራሱ በ1977 ያጠናቀቀው «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለ ፊልም ከ10,000 ዶላር በታች የፈጀ ሲሆን በአንድ የበግ ማረጃ ስለሚሠራ ድሀ የቤተሰብ ኃላፊ የሚናገር ነው። ባለሙያዎች እጅግ ያደነቁት ይህ ፊልም በሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ግን በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት! ምክንያቱ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ የሚሰሙት ዘፈኖች መብት አለመከፈሉ ሲሆን መብቱን ለማስከፈል 150,000 ዶላር አስፈልጓል። ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው አሥራ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ማለት ነው። ፊልም ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶቻችን የሚወዱትን ዘፈን ዝም ብለው ከመለጠፋቸው በፊት ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌም ቢሆኑ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአገር ቤት ቀርጸው ከዓለም ጋር ካስተዋወቁ በኋላ ሥራቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠቱ እንደማያዋጣ የተረዱት ቀደም ብለው ይመስላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይፌዱ ፊልምስ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመዋል። ለ«ሳንኮፋ» የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ገንዘቡ ከጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከልዩ ልዩ ቦታዎች የተለቃቀመ ነበር። ፊልሙ ግን የሠሪው ንብረት ሆኖ ቀረ።

የዚህ ጥቅም የታየው ቆይቶ ነው። ሲኒማ ቤቱ ሲያበቃ ቪዲዮ ካሴቱ መጣ፤ ከዚያ ዲቪዲው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሯ የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ ፊልሙን አሳድሶ በመስከረም ወር መጨረሻ በኔትፍሊክስ አወጣው። ሠሪውን ያየ ሁሉ ዕድሜ ልኩን በኪራይ አዳራሽ የሚዞር ሰው ነው ይል በነበረበት አገር፣ ከ28 ዓመት በኋላ ፊልሙ እንደገና ገበያ ወጣ። በ1993 አንድ አከፋፋይ ፊልሙን ጠቅልሎ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሽያጭ የማን ይሆን እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ይህ ጸሐፊ «ሳንኮፋ»ን መጀመሪያ ያየው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቀለሙ በደበዘዘ የተባዛ ካሴት ነው። ካሴቱን ያዋሰኝ ወዳጄ እሱም ከሌላ ተውሶ ነበር፤ እኔም ለሌላ አስተላለፍኩት። የፊልሙ ማራኪነት በዚያ ይታወቃል፤ ከዚያ ካሴት ግን ሠሪው አንዲት ሳንቲም አላገኙም።

የሚከፈለው ዋጋ

ነገሩን ሁሉ የድል ታሪክ አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማታለል ነው። ነጻነቱ ዋጋ አለው፤ የሚከፈለውም በዕድሜ ነው። ከ«ሳንኮፋ» በኋላ «ጤዛ» የተሰኘው ፊልማቸው ከውጥን እስከ ፍጻሜ አሥራ አራት ዓመት ያህል ወስዷል። በጀርመን ተምሮ ወደ ደርግ ዘመን ኢትዮጵያ ስለተመለሰ ሐኪም የሚተርከው ይህ ፊልም በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲያደንቅ፣ አዲስ አበባ ያለው ሲከራከርበት ከርሟል። ነገር ግን አንድ ሠሪ በሁለት ትልልቅ ፊልሞች መካከል አሥራ አምስት ዓመት የሚቆይ ከሆነ ንግዱ እንደ ንግድ ቆሟል ለማለት ያስቸግራል። ፕሮፌሰሩ የኖሩት ከ1975 ጀምሮ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ነው። ደመወዝ የሌለው ፊልም ሠሪስ?

በአገር ቤት የሲኒማው ገበያ በቪዲዮ ካሜራ ከተነቃቃ ወዲህ የተሠሩት ፊልሞች አብዛኛዎቹ በትርጉሙ ነጻ ፊልሞች ናቸው። ስቱዲዮ የለም፤ ባንክም ለፊልም ብድር ሲሰጥ አይታይም፤ ሠሪው መኪናውን ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ይሠራል። ሆኖም አብዛኛው ፊልም የፍቅር ቀልድ ነው። ገንዘቡ በቶሎ እንዲመለስ ስለሚፈለግ አንዱ የሸጠውን ሌላው ይደግመዋል። ከስቱዲዮ ነጻ መሆን ከፍርሃት ነጻ መሆን ማለት አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ከዚህ ወጣ ያሉት፣ ለምሳሌ በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እና በ2015 በካን ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ገንዘብም ስምም ያገኙት በአብዛኛው ከውጭ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን «ፋያ ዳዪ» ነው። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ከወጣትነቷ ጀምሮ በውጭ አገር ስትኖር ቆይታ ወደ ሐረር እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ፣ አሥር ዓመት ያህል ቀርጻዋለች። በ2021 በሰንዳንስ የታየው ይህ ፊልም ጥቁርና ነጭ ሲሆን የሁለት ሰዓት ርዝመት አለው። ጉዳዩ ጫት ነው። ጫት የውጭ ምንዛሪ ምንጭ መሆኑን፣ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉን ይህን መሰል ገጾች ብዙ ጊዜ ጽፈዋል። «ፋያ ዳዪ» ግን ቁጥር አይሰጥም፤ አስረጂ ድምፅም የለውም። ሌሊት ጫት የሚያስሩ እጆች፣ በመኪና የሚጫነው ነዶ፣ ምርቃና ውስጥ የተቀመጠ አባት፣ በባሕር ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ልጅ፣ ጭስና ጉም ይታያሉ። ማን ማን እንደሆነ ቶሎ አይገባም። ታሪክ ፈልጎ የገባ ተመልካች ግማሹ ላይ ሳይሰለች አይቀርም። ታግሦ የተቀመጠው ግን አንድ ኪሎ ጫት ስንት ዓይነት ሰው እንደሚያልፍና ለእያንዳንዱ ምን እንደሚያስቀርለት ያያል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ይህ አይታይም።

ይህን ፊልም በአሜሪካ ለማከፋፈል የወሰደው ጃነስ ፊልምስ የተባለው የቆየ ኩባንያ ነው። በ«ሳንኮፋ» ጊዜ ያልተገኘው አከፋፋይ ለዚህኛው ተገኝቷል፤ ለኦስካር በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከተመረጡት አሥራ አምስት ውስጥም ገብቷል። ጊዜው ተለውጧል ማለት ይቻላል። አሥሩን ዓመት ግን ማንም አላሳጠረላትም።

የ«ሳንኮፋ» ገንዘብ የት ገባ ለሚል አንባቢ፣ ከፊሉ ዛሬም በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ፕሮፌሰር ኃይሌና ወይዘሮ ሽሪኪያና በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያ በፊልሙ ስም የሰየሙትን የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ ቡናም ይሸጥበታል። ሲኒማ ቤት የማያሳያቸው የአፍሪካና የጥቁር ሕዝቦች ፊልሞች ከመደርደሪያው ይገኙ ነበር፤ ደራሲዎችም መጽሐፋቸውን ይዘው ይቀርቡበታል። አካባቢው ውድ እየሆነ ሲሄድ የንብረት ግብሩም አብሮ ናረ። በ2019 መደብሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የከተማው ነዋሪዎች ለከተማው ምክር ቤት አቤት አሉ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ለትኬት የተሰለፉ ሰዎችም በመካከላቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። ምክር ቤቱ የግብር እፎይታውን ፈቀደ፤ ኔትፍሊክስ የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።